አላታ ድልድይ ላይ

ከአባቴ ጋር በእምነት ጉዳይ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰባታሚት ከተከራየሁበት ቤት ብቻዬን ተነሥቼ ጢስ ዓባይ ወረድሁ። ከፏፏቴው ይልቅ ወደዚያ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ያለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አቆመኝ። በዚያ ዘመን አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን በግድ ካቶሊክ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ድልድዩ ግን ዛሬም ሰው ያሻግራል።

ጌሾ የተሸከሙ እናት፣ “ልጄ፣ ብቻህን ነህ? ቤተሰብ የለህም እንዴ?” አሉኝ።

“አለኝ፣ እማማ።” ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሸክማቸውን ተቀብዬ አሻገርኋቸው። “አባትህን ያቆይልህ” ብለው መረቁኝ።

ጌታ እኛ ሳንፈልገው አስቀድሞ መጥቶልናል፤ ታዲያ እኔ ማንን ነው የምጠብቀው? ማታ ደወልሁ።

“አባዬ፣ እንዴት አመሸህ?”

ረጅም ዝምታ ሆነ።

“ደህና ነኝ። አንተስ እራት በላህ?”