ደስታ የሞተ ለት

ስምንተኛው ሺህ መግባቱን የሰማሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህም መግባቱን አላቆመም። ጤፍ ሲወደድ ይገባል፤ ዝናብ ሲዘገይ ይገባል፤ ልጅ አባቱን ሲሰድብ ይገባል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ አንድ የሩቅ አገር ጦርነት ሲያወራ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «አለቀላት እኮ ይቺ ዓለም!» ይላል። ሁላችንም «ኤዲያ!» ብለን እንስማማለን። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚጣላው የታክሲ ተሳፋሪ በዚህ በአንዱ ላይ ተጣልቶ አያውቅም።

መቼም ሐዘኑ ያለ ምክንያት ነው አልልም። በአገራችን ብቻ ያየነው ይበቃል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ መልካም ወሬ ሲመጣ ቡና ላይ ይዞት የሚቀመጥ ሰው መጥፋቱ።

አንዱን ልንገራችሁ። ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ሮም ላይ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አንድ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን አወጀ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ሦስተኛው ገና አልተጨመረም። የፈረንጅ ስሙን ተዉት፤ በእኛ አገር ስሙ «ደስታ» ነው። ከብት ፈጅ መቅሠፍትን ደስታ ብሎ የሰየመው ሰው (ክፉን በቁልምጫ ካልጠሩት ይቆጣል ብሎ ይመስለኛል) ምን ያህል ቢፈራው ነው ያሰኛል።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ስንት ወሬ ነበር! የሊቢያ ጦርነት፣ ከጥቂት ወራት በፊት የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የዓባይ ግድብ፣ እንደ ወትሮው የገበያው ነገር። ስለ ደስታ መሞት ግን ከአንድ ሰው አፍ አልሰማሁም። ለቅሶም አልተቀመጥንም።

ይህ በሽታ እኮ ተራ በሽታ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ለጦራቸው ባስመጧቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የታመመው ከብት ዓይኑ እንባ ያፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ቀናት ቆጥሮ ይወድቃል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ በምን ይረስ? ድርቁና አንበጣው ተጨመረበትና እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ሕዝቡ በሬ የለኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት የቆፈሩት ያን ጊዜ ነው።

የጎረቤታችን እማማ ከአያታቸው የሰሙትን ሲያወሩ ስለ ረሃቡ ብዙም አይሉም። የሚያነሡት «ሲመሽ ከብት የማይገባበት ደጅ» ነው። ጥጃ የማይጮኽበት፣ እረኛ የማይጣራበት ምሽት። አያታቸው ከሁሉ አስበልጠው የሚያስታውሱት ያን ጸጥታ ነበር አሉ።

ታዲያ እንዲህ ያለው መቅሠፍት እንዴት ጠፋ? በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1950ዎቹ በአፍሪካ ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተጀምሮ በሽታው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጠፋ ተብሎ ሥራው ላላ፤ በ1970ዎቹ አገረሸ፤ እንደገና ሚሊዮኖች ከብቶች አለቁ። በሁለተኛው ዙር ያስቸገረው ደግሞ መኪናና ማቀዝቀዣ የማይደርስበት ቦታ ነው። ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፤ አፋር በረሃ ላይ በረዶ ከየት ይምጣ? በኋላ ሙቀት የሚችል፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተሠራ። እሱም ቢሆን የሚወጋው ሰው ካላገኘ ዋጋ የለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው፣ መርፌውን ይዘው፣ ከብቶቹ ካሉበት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። እንስሳቱን በመልክና በዘር የሚያውቁ፣ በሽታውንም ከሩቅ የሚለዩ ሰዎች ናቸው። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ ውስጥ በዱር ጎሾች ላይ።

የነዚያን አፋሮች ስም የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ከነሱ መካከል «ዓለም አለቀላት» የሚል አልነበረም አልልም፤ ማታ ማታ ሳይሉት አይቀሩም። ጠዋት ግን መርፌያቸውን ይዘው ተነሥተዋል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ለእማማ አወራኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ጠፋ? ጨርሶ?»

«ጨርሶ፣ እማማ።»

«ታዲያ እናንተ ወሬ ጸሐፊዎቹ ለምን ዝም አላችሁ?»

ያልሞተ በሬ ፎቶግራፍ አይነሣም እንዳልላቸው አፈርኩ። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተማርነው ግን ከዚያ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ቤት ሲቃጠል ዜና ነው፣ ሳይቃጠል ሲያድር ዜና አይደለም። እናም ጨዋታውን ወደ ፊት ወሰድኩት። አሁን ደግሞ «ደስታ መሰል» የሚሉት፣ በግና ፍየል የሚፈጅ፣ የሟቹ የቅርብ ዘመድ አለ፤ እሱንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል፤ ክትባቱም አለ አልኳቸው። ገንዘቡና ትጋቱ ይገኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ሥራ ሲላላ ምን እንደሚመጣ አንዴ አይተነዋል። ላምና በሬ ለሌላት ሴት ደግሞ ሁለት ፍየል ማለት ባንክ ነው።

እማማ ይህን የመጨረሻውን እንኳ የሰሙኝ አይመስለኝም። ሰላሌ ያለው ወንድማቸው ስምንት በጎች አሉት። «ደውይለት» ብለው ልጃቸውን አዘዙ። የከብት ሐኪሙ ቀበሌያቸው መጥቶ እንደሆነ ተጠየቀ።

«መጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ገበያ ውዬ...» ሲል ሰማነው።

እማማ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ነጠቁ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ለመጽሔት አይሆንም፤ በረካው ግን ቀዘቀዘ።