ማስተርስ የወረፋ ወንበር አይደለም

በኬሚስትሪ ተመርቄ ቡራዩ ቤተሰቤ ጋ ተመለስኩ። ልቤ ሕክምና ላይ ነበር፤ የመግቢያ ፈተናውን ግን ወደቅኩ። "ቁጭ ከምትል በሜዲሲናል ኬሚስትሪ ማስተርስ ያዝ፤ በር ይከፍትልሃል" አሉኝ። ያዝኩ።

ሁለት ዓመት ከእናቴ ጉሊት በሚወጣ የታክሲ ብር ተመላለስኩ። ለሕክምና ድጋሚ ስፈተን ስለ ማስተርሴ የጠየቀኝ የለም። አሁንም አላለፍኩም።

ታዲያ ከሰርኩ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ለምን እንደሞቱ ጠየቁ። ከእንዶድ የተገኘ አንድ ውህድም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እናቴ በእንዶድ ስታጥብ እያየሁ አድጌ፣ ይህን "ለምን" የተማርኩት ማስተርስ ላይ ነው።

ወገኖቼ፣ "ለምን" የሚለው እንቅልፍ ከነሳችሁ ግቡበት። የምትፈልጉት ሐኪም መሆን ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን ዓመት ለፈተናው ስጡት።