ስለ ቹምቤ ደሴት

ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ለመርከበኞች ምልክት እንዲኾን የተሠራው የመብራት ግንብ ከሩቅ ይታያል። ደሴቲቱ የሚጠጣ የምንጭ ውሃ ስለሌላት፥ ቤቶቹ የዝናሙን ውሃ በጣራቸው ተቀብለው ያጠራቅማሉ።

ከነጩ አሸዋ ተነሥተን ወደ ባሕሩ ገባን። የመስተዋት መነጽር አድርገን፥ የመተንፈሻውን ቧንቧ በአፋችን ይዘን ፊታችንን ወደ ውሃው ብንደፋ፥ ከበታቻችን ሌላ አገር ተገለጠልን። ኮራል የሚባለው፥ ድንጋይ መስሎ የሚታየው ነገር፥ እጅግ ጥቃቅን የኾኑ ሕያዋን የሠሩት ነው። ዕድገቱም የብዙው በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር ስለ ኾነ፥ አንድ የእግር እርግጫ የብዙ ዘመን ሥራ ያፈርሳል። ስለዚህ እንግዳ ኹሉ ተንሳፎ ያያል እንጂ አይረግጥም፥ አይነካም።

የዛንዚባር መንግሥት ይህን ባሕር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በሕግ ከልሎ ዓሣ እንዳይጠመድበት አደረገ። ጠባቂዎቹም ከዚያው አገር ዓሣ አጥማጆች የተመረጡ ናቸው። በመረብ ለሚያድር ሰው ይህ ክልከላ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዓሣ ወሰን አያውቅምና፥ በተከለለው ስፍራ የተራባው ወደ ውጭ ወጥቶ ከአጥማጁ መረብ ይገባል።

አስተዋይ ገበሬ በክረምት ቢቸገር እንኳ የዘር እህሉን አይበላም። የቹምቤም ባሕር ለአጥማጆቹ የዘር ጎተራ ነው።