ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትበረታ ከአደይ አበባው እኩል የሚገለጥ ነገር ቢኖር የሰው የእግር ጣት ነው። ክረምቱን ሙሉ በቦቲና በእርጥብ ካልሲ ታፍኖ የከረመ እግር ነጠላ ጫማና ሰንደል ውስጥ ይገባል። ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ስንቀመጥ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የአንዱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል። አንዷ አሥሩንም ቀይ ቀብታ አሳምራለች። አንዱ ደግሞ ጣቶቹን ቆልምሞ ከመቀመጫው ሥር ሊደብቃቸው ይታገላል። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይኸኛው ነው። የሚያፍርበት ነገር ብዙውን ጊዜ ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው፣ ሐኪም ዘወትር የሚያየው ነገር ነውና።

እኛ አገር ደግሞ እግርን ደብቆ መኖር አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ መስጊድ ሲገባም ይወልቃል፤ ለውዱእ እግር ይታጠባል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ለመዘርጋት የሚያመነታ ሰው አይጠፋም። ቁስል ቢሆን ኖሮ አያፍርም ነበር፤ ለቁስል ሰው ያዝናል። የተበላሸ ጥፍር ግን የንጽሕና ጉድለት ተደርጎ ይታያል። ሰውየው ጠዋትና ማታ ቢታጠብም የሚያምነው የለም።

በአንዲት ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ላውራ። እግር የምትሠራው ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአንዲት ጠና ያሉ ሴት እግር ጉልበቷ ላይ በፎጣ አድርጋለች። ከጎኗ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሳፋ፣ ሞረድ፣ መቁረጫና አሴቶን አለ። የቆየውን ቀለም በጥጥ ስታነሳው ጥፍሩ ከጫፉ እንደ ኖራ ፈረፈረ። ልጅቷ እጇን ገታ አደረገች።

«እትዬ፣ ይኼኛውን አልቀባልዎትም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። ሸፍኚልኝ።»

«የቀሩትን አሳምሬ እሠራልዎታለሁ። ይኼን ግን ይተዉልኝ።»

ቀጥሎ ያደረገችውን ነው ያልረሳሁት። ለዚያ ጥፍር የተጠቀመችበትን ሞረድ ወደ ዕቃዋ አልመለሰችም፤ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። የአሸዋ ወረቀት የተለጠፈበት ሞረድ ቢታጠብ አይጠራም። ብረት የሆነው መቁረጫ እንኳ በአልኮል ጠረግ ስለተደረገ ብቻ ከጀርም ነጻ አይሆንም፤ በግፊት ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ቅብጠት የሚመስለው ካለ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የጥፍር ቤት የሆነውን ይስማ። ከ100 በላይ ደንበኞች ባታቸው ላይ እባጭ ወጣባቸው። ሲመረመር ባክቴሪያው የተገኘው በእግር መዘፍዘፊያው ገንዳ ማጣሪያ ጀርባ በተጠራቀመ ፀጉርና ቆሻሻ ውስጥ ነበር። ያቺ ልጅ ይህን ታሪክ ትስማው አትስማው እንጃ፤ እጇ ግን ያውቀዋል። በቀን የምታየው ጥፍር ብዛት ሲታሰብ፣ ብዙ የቆዳ ሕመም መጀመሪያ የሚታየው በእሷና በመሰሎቿ ዓይን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥፍር ማስዋብን የምንቅ ሰው አይደለሁም። እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ ያደግን ነን። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ መዳፍና እግር ላይ ተደርጎ በቅጠልና በጨርቅ ታስሮ ይታደራል፤ ሲነጋ ጣቱ ሁሉ እሳት መስሎ ይወጣል። ሐረር ደግሞ ሒናው አለ። ሁለቱንም ልብ ብሎ ለተከታተለ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ከቆዳው ላይ ቀለሙ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ከጥፍሩ ላይ ግን አይለቅም። ሙሽራዋ ከወር በኋላ እግሯን ብታይ ከጥፍሯ ሥር አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ታገኛለች፤ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ይጨመራል። ቀዩ ወደ ጫፍ እየተገፋ ሄዶ በመጨረሻ በመቁረጫ ይወድቃል። የእጅ ጥፍር በዕጥፍ ስለሚፈጥን በግማሽ ዓመት ይታደሳል፤ የእግር አውራ ጣት ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል።

የጥፍር ሕክምና ምሥጢሩ በሙሉ እዚህች ነጭ መስመር ላይ ያለ ይመስለኛል።

ቢጫ ሆኖ የሚወፍረውንና የሚፈረፍረውን ጥፍር እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፈንገስ ነው፤ ዋነኛው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል። ጥፍር የተሠራበትን ኬራቲን እየበላ ይኖራል፤ እርጥበትና ሙቀት ይወዳል፤ የከረመ ካልሲ ቤቱ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም፣ የጠባብ ጫማ ግጭት ወይም ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ከጥፍሩ ፍቆ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። እዚያ ፍቅፋቂው ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል፤ ኬራቲኑ ሲሟሟ የፈንገሱ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ቀላል ምርመራ ነው። ይህን ዘሎ ወር በወር ኪኒን መዋጥ ገንዘብም ጉበትም ማባከን ነው።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ የተለመደው ተርቢናፊን ነው፤ ለአዋቂ 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት። ጉበትን ሊነካ ስለሚችል አስቀድሞ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ሰው የሚሳሳተው 12ቱ ሳምንት ሲያልቅ ነው። ጥፍሩን ያያል፤ አሁንም ቢጫ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ በረኪና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ያገኘውን ሁሉ መቀባት ይጀምራል። በረኪናው ቆዳውን ይልጠዋል እንጂ ጥፍሩን ዘልቆ ከሥር ያለውን ፈንገስ አይደርስበትም። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። የተበላሸው ጥፍር ሞቶ የወጣ ነው፤ አይታከምም፤ ተገፍቶ እስኪወድቅ ይጠበቃል። መታየት ያለበት ሥሩ ነው። ከዚያ ንጹሕ የሆነ፣ ጽጌረዳ የሚመስል አዲስ ጥፍር እየወጣ ከሆነ ድሉ ተገኝቷል ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ፋርማሲው መስኮት ላይ የሚነግረን ሰው ቢኖር ስንቱ ከተስፋ መቁረጥ ይድን ነበር!

ጉዳቱ ከግማሽ በታች ለሆነና ሥሩን ላልነካው፣ እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀቡ መድኃኒቶች አሉ፤ 5 በመቶ አሞሮልፊን፣ 8 በመቶ ሲክሎፒሮክስ። እነሱም ወራት ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ተራውን ቀለም ትቶ ጥፍሩን ባዶውን ማቆየት ይሻላል፤ አለዚያ ነጯ መስመር መውጣት አለመውጣቷ በምን ይታወቃል?

ወደ ሥጋ የሚገባው ጥፍር ሌላ ጣጣ ነው። ሾጣጣ ጫማና ማዕዘኑን አክብቦ መቁረጥ ያመጡታል፤ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይከላከለዋል። ሲጀምር ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ጫፉን በጥጥ ቀና ማድረግ ሊበቃው ይችላል። መግል ከያዘ ግን ምላጭ ማንሳት ልክ አይደለም። ሰው ሐኪም ዘንድ የማይሄደው ጥፍሩ ተነቅሎ የሚወጣ እየመሰለው ነው። ሐኪሙ ግን ጣቱን በሊዶኬይን አደንዝዞ የገባውን ጠርዝ ብቻ ሰንጥቆ ያወጣል፤ እንዳይመለስ ሥሩን በፌኖል ይነካዋል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ስለ ሙጀሌም ያው ነው፤ ጥፍር ሥር ገብታ እንደ አተር ያበጠችውን በጋራ መርፌ ማውጣት ሌላ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ነው። መርፌው የጸዳና የአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። የሬጌ ዘፋኙ የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት ልደት በ2005 እ.ኤ.አ. በመስቀል አደባባይ ሲከበር ስንቱ ጨፈረ! እንዴት እንደሞተ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ኳስ ወዳድ ነበር፤ የእግሩ ጣት ቁስልም የኳስ ጉዳት ተደርጎ ታለፈ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር የተነሳ ሜላኖማ የሚባል ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከርም አልተቀበለም። በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ አረፈ፤ 36 ዓመቱ ነበር። ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ስለነበር ፍትሐቱም በእኛው ሥርዓት ተደረገለት።

ጠይም ቆዳ ያለን ሰዎች ጥፍራችን ላይ ጥቁር መስመር ማየት የተለመደ ነው፤ በተለይ በብዙ ጣት ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። ቁልቁለት የሚሮጥ አትሌትም ጣቱ ከጫማው እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል፤ ያ የረጋ ደም ነው። ልዩነቱን እዚህም የሚነግረን ያው የጥፍር ጉዞ ነው። የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ ከኋላው ንጹሕ ጥፍር ይከተለዋል። በአንድ ጣት ላይ ብቻ የወጣ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ የሚዘልቅ ጥቁረት ሲሆን ግን ቀጠሮ ማዘግየት አይገባም፤ ዛሬውኑ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀለም ሳታነሳ ቀለም የምትደርብ እህቴ ይህን በምን ታየዋለች? በቀለምና በቀለም መካከል አንድ ሳምንት ባዶ ብትተወው፣ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ብታየው፣ እሷም ትረጋጋለች እኔም እረጋጋለሁ።

ስለ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳልናገር ማቆም አልችልም። ጎንበስ ማለት ሲያቅት፣ ዓይን ሲደክም፣ የእግር ጥፍር ይወፍርና እንደ በግ ቀንድ ይጠመዘዛል። አባት ልጁን «ጥፍሬን ቁረጥልኝ» ለማለት ያፍራል፤ ልጁም ካልሲውን አውልቆ አያይም። ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ከተገኘም 40 በመቶ ዩሪያ ያለበትን ቅባት ጥፍሩ ላይ ብቻ አድርጎ ካለሰለሱ በኋላ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሉ መሞረድ ይቻላል። ስኳር ላለበት ወይም እግሩ ለደነዘዘ ሰው ግን ሙቀቱ ሳይሰማው ሊቃጠል፣ ትንሿ ጭረት ሳትሽር ልትቀር ስለምትችል፣ መዘፍዘፉም መቁረጡም ለስኳር ክትትል ለሚሄድበት ጤና ተቋም ይተው፤ በቀጠሮው ቀን ካልሲውን አውልቆ እግሩን ጭምር ያሳይ።