ጀሶው ያላሳየው

አንዲት ወጣት የሳይንስ መምህርት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿ የቅሪተ አካልን አፈጣጠር ለማሳየት እርጥብ ሸክላ፣ ታጥቦ የደረቀ የዶሮ አጥንትና በውኃ የተበጠበጠ ጀሶ አዘጋጀች። ልጆቹ አጥንቱን ቫዝሊን ቀብተው ሸክላው ላይ ተጫኑት፤ ካነሡትም በኋላ በቀረው ጎድጓዳ አሻራ ጀሶውን ሞሉበት። ጀሶው ሲጠና ሸክላውን ላጡት፤ ነጭ የአጥንት ምስልም ወጣ። ክፍሉ በደስታ ተሞላ። አንዲት ልጅ ግን «ቲቸር፣ አጥንቱ እኮ ይኸው አለ። ታዲያ ድንጋይ የሆነው የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀች።

ጥያቄው የሙከራውን ወሰን በትክክል የነካ ነበር። ሸክላውና ጀሶው አንዱን የአፈጣጠር መንገድ ያሳያሉ፤ ዛጎል በደለል ተቀብሮ ሲሟሟ ባዶ ቅርጹ ይቀራል፣ ያንን ማዕድን ሲሞላው አምሳያው ይፈጠራል። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ግን በዚህ መንገድ የተፈጠረች አይደለችም። የተቀበረ አጥንት ማዕድን ያዘለ ውኃ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እየሰረገ ይሞላዋል፤ በረጅም ዘመንም ቅርጹን እንደጠበቀ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህርቷ የስፖንጅ ቁራጮችን በወፍራም የጨው ውኃ አስነክራ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ከቀናት በኋላ ልጆቹ ስፖንጁ ደርቆ መጠንከሩን፣ ቀዳዳዎቹንም ጨው መያዙን በጣታቸው ዳስሰው አረጋገጡ።

አንድ ስሕተት ግን ገና አልታረመም ነበር። ሁለቱም ሙከራዎች ሁልጊዜ ስለሚሳኩ፣ ልጆቹ የሞተ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ የሚቀር መሰላቸው። ስለዚህ መምህርቷ ሃያ አጥንቶችን በግቢው በትና ልጆቹን ጅብ፣ ፀሐይና ጎርፍ አደረገቻቸው። ጅቡ ወሰደ፣ ፀሐይ ሰነጠቀ፣ ጎርፍ ጠረገ፤ ደለሉ ፈጥኖ የሸፈነው አንድ አጥንት ብቻ ተረፈ። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከኖረችው ድንቅነሽ አጽም 40 በመቶ ያህሉ መገኘቱ ለምን እንደሚያስደንቅ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

አምሳያ የሚያሳየውን ያህል የሚሰውረውም አለ፤ የተሰወረውን መናገር የትምህርቱ አካል ነው። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ዘወትር ለጎብኚዎች የሚታየው የድንቅነሽ አምሳያ ሲሆን እውነተኛው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ከመስተዋቱ ፊት ብትቆም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አጥንቱስ የት አለ?» የሚል ይሆናል።