ዜሮ እና ባዶ መስመር

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ሚቲዎሮሎጂ ደረሰኝ። ወሎ ቆላ ያለው አባቴ ሲሰማ «በል እንግዲህ፣ መቼ እንደምዘራ ትነግረኛለህ» አለኝ። መጀመሪያ የገጠመኝ ግን ካልኩለስና ፊዚክስ ነው። ዛሬም የትምህርት ምርጫ ለሚሞሉ ልጆች የምነግራቸው ይኸንኑ ነው፤ ሰማይ መውደድ ብቻውን አያስመርቅም።

*

መማሪያ መጻሕፍቱ ስለ ፍሮንት፣ ማለትም ስለ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር ወሰን፣ አብዝተው ያወራሉ። ሐሳቡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ኖርዌይ፣ በርገን ላይ የተወለደ ነው፤ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር ለሚጋፉበት አገር በደንብ ይሠራል። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ፣ የቀትር ፀሐይ ምድሩን ሲያግለው ደመናው ሽቅብ ይነሣል፤ አንዱን ቀበሌ ጎርፍ ሲያጥበው ጎረቤቱ አቧራ ነው። ይህን ከሥሩ የሚያስተምር መጽሐፍ በአገራችን ባለሙያ፣ በአማርኛም ጭምር ተጽፎ ማየት እመኛለሁ።

*

ዝናብ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው።

ለልምምድ የሄድኩበት ጣቢያ ለኪው አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ውኃውን ወደ መስፈሪያው ገልብጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከውኃው ጋር አስተካክለው ያነባሉ። መዝገባቸውን ሳገላብጥ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይኼን ቀን አልዘነበም?»

«ለቅሶ ሄጄ አድሬ ነው። ያላየሁትን እንዴት ዜሮ እላለሁ?»

ዜሮ «አየሁ፣ አልዘነበም» ማለት ነው። ባዶው መስመር «አላየሁም» ነው። የ30 ዓመት አማካይ ሲሰላ ያልተለካ ቀን በዜሮ ከተሞላ ያልነበረ ድርቅ በወረቀት ላይ ይፈጠራል። ይህንን ክፍል ውስጥም ተምሬው ነበር፤ የገባኝ ግን እዚያ መዝገብ ላይ ነው።

*

ዋናዎቹ የምልከታ ሰዓቶች እነዚህ ናቸው፦ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ጠዋት 3፣ ከሰዓት 9፣ ማታ 3። ጎንደር ያለው ተረኛና ለንደን ያለው ተረኛ ሰማያቸውን በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ የዓለም ካርታ የሚገጥመው በዚህ ነው። አየር ማረፊያ ላይ ያለውማ አደራው ከባድ ነው፤ አብራሪው ከፍታ መለኪያውን የሚያስተካክለው እሱ በሚልክለት የአየር ግፊት ነው።

*

የወቅት ትንበያ በሦስት ተከፍሎ ይነገራል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱም መቶኛ ይሰጠዋል። አባቴ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። መቼ ይገባል? መሐል ላይ ስንት ቀን ይቋረጣል? መቼ ይወጣል? በልጉን አምኖ ሚያዝያ ላይ ማሽላ የዘራ ሰው፣ ግንቦትን ሦስት ሳምንት ዝናብ ከጠፋበት፣ በኋላ ወቅቱ «መደበኛ» ሆኖ ቢዘጋ ምን ያደርግለታል? ጎበዝ ተመራቂ ዕድሜውን ቢሰጥበት የማይቆጨው ጥያቄ ይኸ ነው።

*

«ትምህርቱ ሥራ አለው?» ይሉኛል። አለው፤ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አየር ማረፊያ፣ ግድብና መስኖ፣ የሰብል መድን።

*

ዘንድሮ አባቴ ደወለ። «ልዝራ?»

«አባዬ፣ አራት ቀን ታገሥ» አልኩት። ምክንያቱንም አስረዳሁት። «ከአሥር ቀን ወዲያ ያለውን ግን አላውቅም።»

ትንሽ ዝም አለና «ጎሽ፣ ይበቃኛል» ብሎ ዘጋው።