«ላይ» ሁሉ «ኦን» አይደለም

የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ ማስቆጠር የሚያቅተው ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። ከሰንደይ እስከ ሳተርደይ በዜማ ከተወረደ ሕፃናቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይዘውት ይወጣሉ፤ እቤት ደርሰውም ለእናታቸው ይደግሙታል። ጣጣው የሚጀምረው ያንኑ ቀን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለማስገባት ሲሞከር ነው። ከቀኑ ስም ፊት የምትቆመው ትንሽ ቃል፣ ይኸውም ኦን፣ ኢን ወይም አት፣ ተማሪውንም መምህሩንም እኩል ታስቸግራለች።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት እኛ አራት የእንግሊዝኛ ሠልጣኞች የስድስተኛ ክፍልን ደብተር ተካፍለን ስናርም ይህንኑ አየን። ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑድ የሠሩትን እንዲጽፉ ታዘው ነበር። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው «ኦን ስሪ ኦክሎክ» ነው፤ ሌላዋ አክስቷ የመጣችው «ኢን ላስት ሳተርደይ» ነው፤ የሦስተኛው ልጅ ጥጃ የጠፋችው «የስተርደይ ናይት» ነው። ቀዩን እስክርቢቶ አንሥቶ መሰረዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ስሕተቱ በየደብተሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልጆቹ አስበው ነው የጻፉት፤ ያሰቡት ግን በአማርኛ ነው።

እስቲ እንመልከተው። «ኦን» ማለት «ላይ» ነው ብለን ነው የምናስተምራቸው፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ድመቷ አልጋው ላይ ናት። ልጁ ይህን ይዞ «ሦስት ሰዓት ላይ» ወደሚለው የቤቱ አነጋገር ሲሄድ «ላይ»ን ያገኝና «ኦን» ብሎ ይተክላል። ምን ያስደንቃል? እንግሊዝኛው ግን ለሰዓት «አት» ነው የሚለው። «ኢን ላስት ሳተርደይ»ም ከዚሁ የመጣ ነው። «ባለፈው ቅዳሜ» ስንል ከፊት «በ» አለች፤ ልጁ እሷንም መተርጎም አለብኝ ብሎ «ኢን» ይጨምራል። በእንግሊዝኛ ግን ላስት፣ ኔክስት፣ ዚስ ወይም ኤቭሪ ከቀኑ ፊት ከቆመ ሌላ ምንም አይጨመርም፤ ላስት ሳተርደይ ብሎ መሄድ ነው።

በዚህ ስንከራከር አመሸንና ከመካከላችን አንዷ መላ አመጣች። አማርኛው ራሱ ይረዳናል አለች። «ዕለት» የሚለው ቃል የሚስማማበትን ቦታ እንግሊዝኛው «ኦን» ይለዋል፤ ሰኞ ዕለት፣ የጥምቀት ዕለት፣ የፈተናው ዕለት። የወሩ ቀን ሲጠራም እንደዚያው ነው። «ወር» ወይም «ዓመት» የሚስማማበትን ደግሞ «ኢን» ይለዋል፤ በመስከረም ወር፣ በ2012 ዓመተ ምሕረት። ክረምትና በጋም ከዚህ ወገን ናቸው። ሰዓት ተጠርቶ «ላይ» ሲከተል «አት» ነው። በማግሥቱ ክፍል ገብተን በዚህ መንገድ ሞከርነው፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እንኳ እጅ አወጡ።

እርግጥ ይህ መላ ሁሉንም አይሸፍንም። ጧት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲሆን ሌሊት «አት ናይት» ነው፤ ሰኞ ጧት ሲባል ደግሞ ተመልሶ «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ይሆናል። ለምን? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። እኛ በበኩላችን «እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ መመለስ ነውር ነው ብለን አናምንም። «ማታ እመጣለሁ» እንጂ «በማታ እመጣለሁ» የማንለው ለምንድነው ብሎ አንድ እንግሊዛዊ ቢጠይቀን እኛስ ሌላ ምን መልስ አለን?

ማታን ካነሣን ዘንድ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእኛ «ማታ» ሰፊ ነው፤ የእነሱን ኢቭኒንግም ናይትም ይይዛል። ስለዚህ ነው ብዙ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ የተገናኘውን ፈረንጅ «ጉድ ናይት» የሚለው። ያ ማለት «ደህና እደር» ነው፤ ሰውየው ገና መምጣቱ ነው እኮ! «እንደምን አመሸህ» ለማለት ከተፈለገ «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው። ትናንት ማታም «ላስት ናይት» እንጂ «የስተርደይ ናይት» አይባልም፤ ዛሬ ማታ «ቱናይት» ነው። ከሁሉ የሚያደናግረው ግን እኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለውን እነሱ «ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ማለታቸው ነው። ጅብ የሚጮኽበት ሰዓት ለእነሱ ጧት ነው። ቀናቸው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር፣ የእኛ የዓርብ ሌሊት ለእነሱ ቅዳሜ ሆኗል። የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ «ሳተርደይ፣ ቱ ኤኤም» የሚል ያለበት ዘመድ ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢሄድ አውሮፕላኑ ከተነሣ ሃያ ሰዓት ያህል ሆኖታል።

የሰዓቱ አቆጣጠር ልዩነት ስድስት ሰዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሕፃን ግን ስድስት ጨምር፣ ስድስት ቀንስ እያሉ ማስጨነቅ አይበጅም። የሰዓቱን ፊት ብቻ ማሳየት ይበቃል። አጭሩ ቆጣሪ የሚያመለክተውን ቁጥር ትቶ ትይዩ ያለውን ያንብብ። የአንድ ትይዩ ሰባት ነው፣ የሁለት ስምንት፣ የሦስት ዘጠኝ። ረጅሙ ቆጣሪ አይነካም። ሩብ ጉዳይና ተኩል ላይ ቋንቋዎቹ ስለሚቀራረቡ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የእኛ አቆጣጠር ኋላ ቀር ስለሆነ ነው ሲሉ እንሰማለን። ይህ አይደለም። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው መካከል ስለምትወጣ ከንጋት መቁጠር ያስተማምናል፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። በለንደን ግን ሰኔ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ። እንዲህ የምትዋዥቅ ፀሐይ ይዞ ከንጋት መቁጠር ያዳግታል። ደግሞም ድሮ የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ከንጋት ትቆጥር እንደነበር ቃላቸው ይመሰክራል። ቀትርን «ኑን» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው «ዘጠነኛ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ዘጠነኛው ሰዓት፣ የእኛው ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው፣ የጸሎት ሰዓት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ስሙ ቀስ በቀስ ወደ እኩለ ቀን ተሳበ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ወደ ቀናቱ እንመለስ። «የዛሬ ሳምንት» ስንል ያለፈውም የሚመጣውም ሊሆን ይችላል፤ «መጥቼ ነበር» ወይም «እመጣለሁ» ሲባል ነው የሚለየው። እንግሊዝኛው ይህን አይታገሥም፤ ያለፈው «ኤ ዊክ አጎ»፣ የሚመጣው «ኢን ኤ ዊክ» ነው። ሳምንትንም «ስምንት ቀን» የምንለው ሁለቱንም ጫፍ ስለምንቆጥር ነው፤ ፈረንሳዮችም እንደኛ ስምንት ቀን ይላሉ። እንግሊዞች ግን ለሁለት ሳምንት «ፎርትናይት» የሚል ቃል አላቸው፤ አሥራ አራት ሌሊት ማለት ነው። እኛ አሥራ አምስት ቀን ስንል እነሱ ሌሊቱን ቆጥረው አንድ ያጎድላሉ፤ የቀጠሮው ዕለት ግን ያው ነው።

ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ይመስለን ነበር። በዚያው የልምምድ ሰሞን አንዲት የሰፈሩ እናት የመድኃኒት ካርቶን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከላቸው ነው። «እናንተ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ናችሁ አሉ፤ እስቲ እዩልኝ» አሉን። በካርቶኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት «ዋን ታብሌት ኤቭሪ አዘር ዴይ» ትላለች። አስቀድሞ ያነበበላቸው የጎረቤት ልጅ «ኤቭሪ» እና «ዴይ»ን አይቶ «በየቀኑ አንድ» ብሏቸው ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ወስደዋል። በልጁ አንፈርድም። «አዘር» ማለት «ሌላ» ነው ብሎ ተምሯል፤ «በየሌላው ቀን» ደግሞ ምንም ትርጉም አይሰጠውም፣ ስለዚህ ዘለላት። ሦስቱን ቃላት ለየብቻቸው ያውቃቸዋል፤ አብረው ሲቆሙ ያስተማረው ሰው ግን የለም።

«እማማ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚለው። ሰኞ ከወሰዱ ማክሰኞ ይተዉት፤ ረቡዕ ይውሰዱ» አላቸው ጓደኛችን።

ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ታዲያ እስከ ዛሬ የዋጥኩትስ?» አሉት።

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ከመካከላችን አልነበረም። ካርቶኑን ይዘን ሁለታችን እስከ ጤና ጣቢያው ሸኘናቸው። የጤና ባለሙያዋ መድኃኒቱን አየች፤ ግፊታቸውን ለካች፤ ወረቀቷ እንደምትለው ቀን እየዘለሉ እንዲወስዱና በሳምንቱ ተመልሰው እንዲታዩ ነገረቻቸው። እሳቸውም በመንገድ ሲመለሱ «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» እያሉ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶርም ውስጥ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቃላትን እንዲህ በጥቅል ማስያዝ ሽምደዳ ነው፣ ልጁ ደንቡን ዐውቆ ራሱ ይገጣጥም የሚሉ አሉ። እኛ ግን «ኤቭሪ አዘር ዴይ»ን ከምን ደንብ ሊያወጣው እንደሚችል አይታየንም። «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮ»ም እንዲሁ ነው፤ ከነገ ወዲያን በአንድ ትንፋሽ የለመደ ልጅ አራት ቃል ገጣጥም ቢባል መንገድ ላይ ይቀራል። በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት የትምህርት ቤቱን ችግኝ ውኃ የማጠጣት ተራ በእንግሊዝኛ ጽፈን ክፍል ውስጥ ለጠፍነው። አንደኛው ቡድን ኤቭሪ ዴይ፣ ሁለተኛው ኤቭሪ አዘር ዴይ፣ ሦስተኛው ኦን ሳተርደይ ሞርኒንግ። ሁለተኛው ቡድን በማያጠጣበት ቀን ባልዲ ይዞ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱንም የመለሱት ጓደኞቹ ናቸው።

የተጠቀምንበት የካርቶን ሰዓት በፔዳጎጂ ማዕከሉ በር አጠገብ ተሰቅሏል። የውጪው ቁጥር የእኛ፣ የውስጠኛው የእነሱ ነው። ለልምምድ የሚወጣ ሠልጣኝ ሊወስደው ይችላል፤ አጭሩ ቆጣሪ ስለላላ ግን ቀስ ተብሎ ይዙር።